የነጠላ ሰረዝ ተረከዝ

ተማሪዎቹ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል። የሥነ ሕይወት መምህር ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ዘጠኝ። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከላይ በኩል ሦስት መስመር የሚያስጽፍ ቦታ ሁልጊዜ ባዶ ይቀራል፤ እዚያ ላይ የተጋገረው የጠመኔ አቧራ የዘንድሮ አይደለም። የስፖርት መምህሩ ደግሞ አንድ ሜትር ከዘጠና አንድ ስለሆነ «ቃለ አጋኖ» ይባላል። ሁለቱ በመተላለፊያው ጎን ለጎን ሲያልፉ ተማሪዎቹ ዓረፍተ ነገሩ ምን ሊሆን ነው እያሉ ይንሾካሾካሉ።

መምህሩ የወጣለትን ስም ያውቃል፤ ግን አይከፋኝም ይል ነበር። በእሱ ሐሳብ የሚከፋው የነገሩን ምክንያት የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ምክንያቱን ከነሥሩ ያውቀዋል። በየዓመቱ በሁለተኛው መንፈቅ ስለ አንድ ጥቁር ወፍ የሚያስተምረው ትምህርት አለ። የወንዱ ጭራ ከራሱ ከወፉ ይረዝማል። ነፋስ ሲነሳ መብረር ያቅተዋል፤ ዝናብ ሲጥል ጭራው ርሶ ይጎትተዋል፤ ጭልፊት ሲመጣ ቀድሞ የሚያዘው እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ መከራ እያለ ጭራው ለምን አላጠረም? ሴቷ ስለምትመርጠው ነው። ረጅም ጭራ ያለው ጎጆ ይቀልሳል፣ ይወልዳል። ጭራ አጭሩ በሰላም በርሮ፣ በሰላም አርጅቶ፣ ዘር ሳይተካ ይሞታል። «ይህ ጾታዊ ምርጫ ይባላል» ይልና ጠመኔውን አስቀምጦ ተማሪዎቹን በዓይኑ ይዞራቸዋል። «የሰው ወንድስ? የእሱ ጭራ የት ሄደ?» መልሱንም እሱው ይሰጣል፤ አንዱ በመኪናው ጥሩንባ፣ አንዱ በእጅ ሰዓቱ፣ አንዱ በነፋው ደረቱ፣ አንዱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው በሚዘረዝረው የዘመዶቹ ሥልጣን ውስጥ ደብቆታል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እሱም በልቡ ደስ ይለዋል።

በመምህራን ማረፊያ ክፍልም እንዲሁ ነበር። አንድ ጊዜ አዲስ የቤተ ሙከራ ረዳት ተቀጥራ መጣች፤ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ቆንጆ ልጅ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ ሸሚዝ ተኩሶ የማያውቀው የሒሳብ መምህር በማግስቱ እንደ ወረቀት ተስተካክሎ መጣ። ወገቤን ያመኛል እያለ ወንበር እንኳ የማያነሳው የታሪክ መምህር የውሃ ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ በመስኮቷ ሥር ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ቃለ አጋኖ ደግሞ ሥራ ሳይኖረው በሩ ላይ ቆሞ የላይኛውን መቃን ይዞ ይንጠራራ ጀመር። ነጠላ ሰረዝ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ይህን ሁሉ ይታዘብና ለታላቅ እህቱ ሄዶ ያወራላታል። እህቱ አዋላጅ ነርስ ናት። የተወለደ ሁሉ በእሷ እጅ ስላለፈ በሰው የሚያስደንቃት ነገር ብዙ የለም። ወሬውን በትዕግሥት ሰምታ፣ የሰውን ጭራ ስትቆጥር የራስህ ዕድሜ አለቀ አለችው።

በዚያው ዓመት የፈተና ወረቀት ሲያርም ፊደሉ ይደባለቅበት ጀመር። እህቱ ከምትሠራበት ክሊኒክ አጠገብ ያለ መነጽር ቤት ላከችው። ዓይን የምትለካው ነጭ ጋውን የለበሰች የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ነበረች። እሱ ሲገባ መለኪያው ማሽን ኋላ ተቀምጣለች። አገጩን መደገፊያው ላይ አስደግፎ በአንደኛው በኩል እሱ፣ በሌላው በኩል እሷ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ወንበሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሁለቱም አንድ ቁመት ነበራቸው።

«ዓይንዎ ጤነኛ ነው» አለችው። «ለንባብ ብቻ ነው የደከመው። ደግሞ የሚያምር ዓይን ነው።»

በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ስለ መልኩ እንዲህ ያለ ቃል ከእናቱ በቀር ሰምቶ አያውቅም። በማመስገን ፈንታ ስለ ጉጉት ዓይን ማውራት ጀመረ፤ ጉጉት ዓይኗን ማንከባለል ስለማትችል አንገቷን ሙሉ ለሙሉ ማዞር አለባት አላት። እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ ማሽኑም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ትዳር እንደሌላት፣ አክስቷ እንዳሳደጓት፣ ሰዎች ሁልጊዜ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ታችኛ መስመር በቃላቸው አጥንተው እንደሚመጡ ነገረችው። ከዚያ ፍሬሞች ላምጣልዎት ብላ ብድግ አለች። የእሱ አናት ከእሷ ግንባር እንደማያልፍ ያን ጊዜ ገባው። እሱም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ኋላ ክፍል እስክትገባ ጠበቀና፣ ስትሄድ ቀስ ብላ፣ እንደ ንግሥት እርምጃዋን እየመጠነች መራመዷን እያደነቀ፣ ለሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ጮኾ፣ እግሬ አውጪኝ አለ።

በማግስቱ ጫማ ሰሪ ፍለጋ ወጣ። ሽማግሌው ጫማ ሰሪ የሚሠሩት በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከኋላቸው መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ባለቤቶቻቸው በግልጽ የማያዝዟቸው ጫማዎች ተደርድረዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ አናቱን፣ ቀጥሎ ጫማውን አዩ።

«ለሥራ ነው፣ ለትዳር ነው ወይስ ለምርጫ?» ብለው ጠየቁት።

ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው በእርጋታ አስረዱት። ለሥራ ፈተና ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ አለቃን መብለጥ ደግ አይደለም። ለትዳር አምስት ነው። ለምርጫ የሚወዳደሩት ሰባት ያዛሉ፤ እነሱ ግን ከመኪና ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ መኪና ስለሆነ ብዙ አይራመዱም። ነጠላ ሰረዝ አምስት አዘዘ። አፍሮ ስለነበር ግን ዝም ብሎ መውጣት አቃተው። እሱ እንደ ሌላው ሰው ተታልሎ እንዳልመጣ፣ ነገሩን በሳይንስ እንደሚያውቀው፣ ስለ ጥቁሩ ወፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላቸው። ሽማግሌው ወስፌያቸውን በጥርሳቸው ይዘው አዳመጡት።

«ወፉ ቤቱ ሲገባ ጭራውን የት ያኖረዋል?» አሉ በመጨረሻ።

የት ያኖረዋል፣ ሥጋው ነው እንጂ አላቸው።

«እንግዲያው ካንተ ይሻላል። አንተ ማውለቅ አለብህ።»

ጫማው ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም ጥቁር ጫማ ነበር። ውስጡ ግን ተረከዙ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ቡሽ በቆዳ ገበር ተሸፍኖ ተቀምጧል። ለማንም ሳይናገር ሱሪዎቹን ሁሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ አስረዘመ። ሦስት ቀን እቤቱ ግድግዳ እየያዘ መራመድ ተለማመደ። መስተዋቱ በድሮው ቁመቱ ልክ የተሰቀለ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ሲላጭ የሚያየው አገጩንና ማንቁርቱን ብቻ ሆነ፤ መዶሻ አንሥቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ ሰውነቱ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡም ከፍ አለ። ከሰሌዳው አናት ላይ ያለውን የዓመታት አቧራ ጠርጎ እዚያ መጻፍ ጀመረ። ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ እጁን አውጥቶ ተናገረ። ከእሱ አንድ ጣት ያህል የሚያጥረውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ አይዞህ ቁመት ምንም አይደለም አለው። ሰውየው ስለ ቁመቱ አስቦ አያውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያስብ ጀመር። ተማሪዎቹ ምንም ሳይናገሩ ሁለት ቀን ተመለከቱት፤ በሦስተኛው ቀን ስሙን «ድርብ ሰረዝ» አደረጉት።

መነጽሩን ሊወስድ የሄደው በአዲሱ ጫማ ነው። ከመነጽሩ ጋር የኬክ ቤት ቀጠሮም ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይገናኙ ነበር። «እርስዎ» መባባሉ በሁለተኛው ቅዳሜ ቀረ። እሷ አጠገቡ ስትቀመጥ ወደ ፊቱ ቀረብ ብላ፣ ዓይኑን እያየች ታዳምጠዋለች፤ እንዲህ አድርጎ የሚያዳምጠው ተማሪ እንኳ ኖሮት አያውቅም። ሲሄዱ ክንዱን ትይዛለች። እሱ ቡሹ እንዳያስነክሰው፣ አንድ አንድ እርምጃ በጥንቃቄ ይራመዳል፤ እሷም እንደዚያው። መንገድ ላይ የሚያዩዋቸው ሰዎች እንዴት ያሉ ረጋ ያሉ ፍቅረኞች ናቸው ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ወር ግን ጉድ ፈላ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተቀጣጥረው እሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከአጠገቡ አንድ የማያውቀው ረጅም ሰው ጋዜጣ ይዞ ቆሟል። እሷ ከመንገዱ ማዶ ተሻግራ፣ ፊቷ በፈገግታ እንደ በራ፣ ቀጥ ብላ ወደ ረጅሙ ሰው ሄደች። እጁን ያዘችና፣ አስጠበቅኩህ አይደል አለችው። ሰውየው አልከፋውም፤ እጁንም ለማስለቀቅ አልቸኮለም። ነጠላ ሰረዝ ከጎን ጉሮሮውን ሲጠርግ ደንግጣ ዞረች፤ ፊቷ ቀልቶ፣ ኮታችሁ ተመሳሰለብኝ አለች። የእሱ ኮት ግራጫ ነው፤ የሰውየው ቡኒ ነበር።

ያን ቀን ኬኩን ሳይቀምስ ቤቱ ገባ። ለእህቱም ሁሉንም ነገራት። ሴቲቱ ምንም አልዋሸችም፤ የተናገረው ተፈጥሮዋ ነው አላት። በሺህ ዓመት የተቀረጸ ምርጫ አፏ ሳያውቀው እግሯን መርቶ ወደ ረጅሙ ወሰዳት። እህቱ የልጅ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችው።

«ምናልባት ዓይኗ አያይ ይሆናል» አለችው።

«እትዬ፣ የመነጽር ባለሙያ እኮ ናት።»

እህቱ ያለችው ግን እውነት ነበር። ሴቲቱ ያለ መነጽር ከክንዷ ርዝመት ወዲያ ያለውን ነገር የምታየው እንደ እርጥብ ሥዕል ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የምትወደው አንድ ልጅ ለጓደኛው፣ ዓይኗ ከዚያ መስታወት ኋላ ምስር ታክላለች ሲል በጆሮዋ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ደስ የሚላት ወንድ ባለበት ቦታ ሁሉ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ቀኑን ሙሉ ለደንበኞቿ መነጽር ለፊት ግርማ ይሰጣል ስትል ትውላለች፤ የከተማው ሰው እኩሌታ በእሷ ምክር ግርማ ተሰክቶበት ይሄዳል፤ እሷ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ግድግዳ እየዳሰሰች ትሄዳለች። መለኪያው ማሽን ፊት ያለ መነጽር ተቀምጣ ስለነበር ነው መምህሩ ነገሩን ያላወቀው። እንደ ንግሥት የተራመደችውም መንገዷ ላይ ያለ በርጩማ እንዳያደናቅፋት ፈርታ ነው። ስለ እሱ ቁመት ደግሞ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ከሩቅ የሚያምር ድምፅ ያለው ግራጫ ነገር ነው፤ ከቅርብ ደግሞ ሁለት ዓይን። በእነዚያ ላይ ተመርኩዛ ነበር ልቧን የሰጠችው።

እሱ ይህን አላወቀም። ሰኞ ጠዋት ከክፍል በፊት ጫማ ሰሪው ዘንድ ሄዶ ሰባት ሴንቲ ሜትር አዘዘ። ሰባት ከጨመረ እሷን በአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣታል፤ በወረቀት ላይ ደምሮታል። ሽማግሌው አልፈለጉም።

«ሰባት ለሚራመድ ሰው አይሆንም። ለምርጫ ነው ብዬሃለሁ።»

«ይሄም ምርጫ ነው» አላቸው።

ሽማግሌው ከእሱ ጋር መከራከር ትተው ቡሹን መቁረጥ ጀመሩ።

አዲሱ ጫማ በደረሰ በሳምንቱ አክስቷ ሊያዩት እንደሚፈልጉ ነገረችው። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ፈታሽ። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሳሎኑን የእንጨት ወለል ገና ባለፈው ሳምንት አስፍቀው ቫርኒሽ አስቀብተውታል፤ ስለዚህም ማንም ሰው ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ አይገባም። ይህን የሰማው ቀኑ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እህቱ ዘንድ ሮጠ። እግሩ ቆስሏል የሚል የክሊኒክ ወረቀት እንድትጽፍለት ለመናት። እሷ የምጽፈው የልደት ወረቀት ብቻ ነው ብላ አሰናበተችው።

በቀጠሮው ሰዓት አበባ ይዞ ሦስቱን ፎቅ ወጣ። በየደረጃው ባለ ጎማ ጫማ እንደሚለማመድ ልጅ ይንገዳገድ ነበር። በሩ ላይ አክስቷ ተቀበሉት። ከእሳቸው ኋላ እሷ ያለ መነጽር ፈገግ ብላ ቆማለች። ከበሩ ግራ ጫማዎች ተደርድረዋል። እግሩ ላይ ቁስል እንዳለበትና ሐኪም ጫማውን እንዳያወልቅ እንዳዘዘው ተናገረ። አክስቷ ሠላሳ ዓመት የሰው ሻንጣ ሲያስከፍቱ የኖሩ ናቸው፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ ከራሱ እስከ እግሩ ደገሙት።

«ጫማ የማይወልቅበት ቁስል አላውቅም» አሉ። «ግን እንግዳ ነህ ልጄ።»

ወደ ማዕድ ቤት ገብተው ሁለት ፌስታል ይዘው መጡ። ነጠላ ሰረዝ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በየጫማው ላይ ፌስታል አጠለቀ፤ ማሰሪያውንም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቋጠረ። ቀና ሲል ከእሷ በእርግጥ በአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓይኗ ቁልቁል አያት። ደረቱን ነፋ፤ አበባውን ዘረጋ፤ በቫርኒሽ በተወለወለው ወለል ላይ፣ በፌስታል፣ በሰባት ሴንቲ ሜትር ተረከዝ ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን እርምጃ ተራመደ። ሁለተኛው እርምጃ አልነበረም።

እሷ ያየችው ግራጫው ነገር ከዓይኗ ፊት መጥፋቱን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ትልቅ ድምፅ ሰማች።

«አክስቴ፣ ምን ወደቀ?» አለች።

«ሰውየው» አሉ አክስቷ።

ቁርጭምጭሚቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጎረቤት በመኪና እህቱ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ወሰደው። እግሩ ስላበጠ ጫማው በመቀስ ተቀደደ። ጄሶ ሲደረግለት እህቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። ከተቀደደው ቆዳ ውስጥ ወፍራሙን ቡሽ አውጥታ አገላብጣ አየችው። ጫማውን ከነቡሹ አልጋው አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሱን ይህ ዝምታ ከስብራቱ ይልቅ አመመው።

በማግስቱ ሴቲቱ ብርቱካን ይዛ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። በሩ አጠገብ ባለው ላይ የሐሞት ጠጠር የወጣላቸው አንድ አዛውንት ተኝተዋል፤ መስኮቱ ሥር ባለው ላይ ነጠላ ሰረዝ። ስትገባ ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን የመጀመሪያው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የአዛውንቱን እጅ ያዘች። ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ትመስላለች። ከመንገድ ጀምሮ አጥንታ የመጣችውን ነገር ሳትተነፍስ መናገር ጀመረች። ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ስትወድቅ ላይህ ይገባኝ ነበር፤ ግን አላይም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አላይም። ፖስታ ቤቱ በር ላይ የዚያን ሰው እጅ የያዝኩት ኮታችሁ ስለተመሳሰለ አይደለም፤ ኮታችሁንም አላየሁትም። ሁለት ወር ሙሉ ክንድህን ይዤ የሄድኩት ፍቅር ብቻ ሆኖ ሳይሆን ጉድጓድ እንዳልገባ ፈርቼም ነው። መልክህ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም። ዓይንህን ብቻ ነው የማውቀው።

አዛውንቱ በአክብሮት አዳመጧት። እጃቸውንም አልሳቡም።

«ልጄ፣ እኔ አይደለሁም መሰለኝ» አሏት። «እኔ ሐሞቴ ነው። እግር የተሰበረው ያ ወዲያ ነው።»

እሷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ወፍራሙን መነጽር አውጥታ አጠለቀች። ዓይኖቿ ከመስታወቱ ኋላ ትንንሽ ሆኑ። ነጠላ ሰረዝ አያቸው። ከምስር ይበልጣሉ፤ ግን ብዙም አይበልጡም። ተነሥታ ወደ እሱ አልጋ መጣችና አሁን በትክክል ተመለከተችው፤ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ከአልጋው ጫፍ ብዙ ወዲህ የቀረውን እግሩን። ዓይኗ ወደ ወንበሩ ሄደ። የተቀደደውን ጫማ አንሥታ ውስጡን አየች፤ መለካት ሥራዋ ስለሆነ ቡሹን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ሰባት» አላት። «የመነጽርሽስ ቁጥር?»

«ሰባት ተኩል።»

«በለጥሽኝ» አላት።

መጀመሪያ የሳቁት አዛውንቱ ናቸው፤ ወዲያው ስፌታቸውን ይዘው ማቃሰት ጀመሩ። ቀጥላ እሷ ሳቀች። እሱ ለመሳቅ ጥቂት ጊዜ ፈጀበት፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት እያሰበ የነበረው ለሁለት ወር ያህል እሷ ያላየችውን ቁመት ተሸክሞ ሲንገላታ መኖሩን ነበር። ሱሪዎቹን ያስረዘመው፣ መስተዋቱን የሰቀለው፣ እግሩን የሰበረው ለአንዲት ማየት ለማትችል ሴት ነው።

ቤት ተኝቶ ሲያገግም ቃለ አጋኖ ሊጠይቀው መጣ። የጫማው ነገር ትምህርት ቤቱን ሙሉ አዳርሶ ስለነበር ነጠላ ሰረዝ ፌዝ ጠብቆ ነበር። ረጅሙ ሰው ግን በሩን ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ከተቀመጠ በኋላ፣ ማንም ያልጠየቀውን ይናገር ጀመር። ውሻ ይፈራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይፈራል። ነገር ግን የሆነ ቦታ ውሻ ሲጮህ ወይም ጠብ ሲነሣ ሰው ሁሉ እሱን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሚስቱም ጭምር። ያገባችኝ፣ ረጅም ሰው አጠገቤ ቢኖር አልፈራም ብላ ነው አለ፤ እኔ ደግሞ የምደገፈው የለኝም። ነጠላ ሰረዝ እንዲህ ያለ ነገር አስቦ አያውቅም ነበር። ሁለቱ ሻይ እየጠጡ ረጅም ሰዓት ቆዩ፤ ሲለያዩም አንዱ በአንዱ ላይ ከዚያ በፊት የነበረው ቅናት ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ቀለል አለ።

ጄሶው ሲፈታ በዝቅተኛ ጫማ ወደ ክፍል ተመለሰ። የረዘሙት ሱሪዎች ሁሉ ታጥፈው ተሰፍተዋል። መዝገብ ቤት ሄዶ ያን አይዞህ ያለውን ሠራተኛ ይቅርታ ጠየቀው፤ ሰውየው ግን በዚያ መሃል ጫማ ሰሪውን በራሱ አፈላልጎ አግኝቶ ስለነበር ይቅርታውን ከሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ተቀበለው። መምህሩ ጫማውን አየና ወደ ክፍሉ ሄደ።

ዓመቱ ሲያልቅ ተጋቡ። አክስቷ ወለሉን ያበላሸ ሰው ብለው ሁለት ወር ካኮረፉ በኋላ፣ ቢያንስ የሚደብቀው ነገር ምን እንደሆነ የታወቀ ሰው ነው ብለው መረቁ። ጋብቻቸውን ሊያስመዘግቡ የሄዱት እህቱን ምስክር አድርገው ነው። ጸሐፊዋ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጠቻቸው። ቅጹ ስም፣ ዕድሜና ሥራ ጠይቆ ሲያበቃ ቁመትም ይጠይቃል፤ ለምን እንደሚጠይቅ ጸሐፊዋም አታውቅም። ነጠላ ሰረዝ በአዲሱ የንባብ መነጽሩ ቅጹን እያየ እስክሪብቶውን ለጥቂት ጊዜ አንጠልጥሎ ያዘ። ከዚያ አንድ ሜትር ከስድሳ ብሎ ጻፈ።

ሚስቱ ከጎኑ ነበረች። ያን ቀን ወፍራሙን መነጽር አድርጋለች፤ አሁን ሁሉንም ታያለች።

«አንድ ጨምረሃል» አለችው ቀስ ብላ።

«ለክብ ቁጥር ብዬ ነው።»

እሷ የራሷን ቅጽ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ዕድሜ የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ በግራ እጇ ጋርዳ ሞላችው። እሱም ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ፣ እስክትጨርስ ድረስ፣ ውጭ የሚያልፉትን ሰዎች ማየት ጀመረ።